ነጠላ ጫማ ተብሎ የተሳቀበት ብረት

እንግሊዝ ሲቀልድ እያሰበ ነው የሚለው እምነት ከደሴቲቱ ተሻግሮ ዓለምን ካዳረሰ ቆይቷል። ፊቱን ኮስተር፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የዕለቱን ዜና፣ አዲሱን ማሽን ወይም የእሑዱን የመኪና ውድድር በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያጣጥል ሰው እዚያ አገር ጨዋታ አዋቂ ብቻ አይባልም፤ አስተዋይም ይባላል። የሚቆጣው ሚዛኑን የሳተ፣ በአንድ ነገር ከልቡ የተደሰተው የዋህ፣ በሁለቱም ላይ የሚያሾፈው ግን ነገሩ የገባው ተደርጎ ይቆጠራል። ይህን ጠባይ የሚያደንቁት ባለቤቶቹ ብቻ አይደሉም። ቴሌቪዥናቸውን የሚከታተል፣ የፎርሙላ ዋን ውድድርን በእነሱ አንደበት ሲሰማ ያደገ የሌላ አገር ሰውም በራሱ መሳቅ የሚችል ሕዝብ አይታለልም ሲል ይደመጣል። እኔ ይህ እምነት ስሕተት ነው እላለሁ። ሕይወት የሚያድን ነገር እንዲዘገይ ያደረገ፣ ንጹሐን ወደ እስር ቤት ሲወሰዱ ዓይንን የጋረደ፣ አገሪቱ በገዛ እጇ የሠራችውን ነገር እንድትንቅ ያስተማረ ስሕተት ነው።

ተከራካሪዎቹ የሚሉት ቀላል አይደለምና በሙሉ ክብደቱ ላስቀምጠው። ሥልጣን ከቁጣ ይልቅ ሳቅን ይፈራል ይላሉ፤ ማስረጃም አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1961 የተመሠረተው ፕራይቬት አይ መጽሔት ሚኒስትሮችንና ባለሀብቶችን ሲያስጨንቅ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ቢቢሲ በ1962 የጀመረው የቅዳሜ ማታ የፖለቲካ ቀልድ ዝግጅት ከአንድ ዓመት ብዙም ሳያልፍ እንዲቆም የተደረገው መጪው ዓመት የምርጫ ዓመት ነው ተብሎ ነበር፤ ቀልድ ኃይል ባይኖረው ማን ስለ ምርጫ ይጨነቅበት ነበር? ቀጥለውም፣ የቴክኖሎጂ ሻጭ ብዙ ነው፣ ማጋነኑም ብዙ ነው፣ ተራው ሰው የምሕንድስና ሰነድ መመርመር ስለማይችል ሳቅ ርካሽ ጋሻው ነው ይላሉ። ለዚህ ክላይቭ ሲንክሌር በ1985 ያወጣትን ባለ ሦስት ጎማ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ፣ ሲ5ን ይጠቅሳሉ፤ አገር ሳቀባት፣ ዓመቱ ሳይዞር ምርቷ ቆመ። በውድድር ሜዳም፣ ሞት በየሳምንቱ ያንዣብብ በነበረበት ዘመን ሹፌሮቹን ከመሪው ኋላ ያስቀመጣቸው በሞት ላይ መቀለድ መቻላቸው ነው ባይ ናቸው፤ የሁለት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮኑ ግሬም ሂል በዚህ ለዛው ይወደድ ነበር። በመጨረሻም፣ በራሱ የሚስቅ ሕዝብ ትዕቢት አይወርሰውም፣ አምባገነንም አይከተልም ይላሉ። የሁሉም ማሰሪያ አንድ ነው፦ ፌዝ ራሱን የቻለ የማሰቢያ መንገድ ነው።

ፌዝ ድፍረት ይሰጣል የሚለውን፣ ድፍረት በእርግጥ ባስፈለገበት ቦታ እንመርምረው። ጁን 12 ቀን 1966፣ ቤልጂየም፣ ስፓ። በመጀመሪያው ዙር ላይ ዶፍ ወረደና ከደረቅ መንገድ ወደ ውሃ የገቡት መኪኖች ተራ በተራ ተበታተኑ። የስኮትላንዱ ጃኪ ስቱዋርት የሚነዳት ቢአርኤም የተባለች መኪና መንገድ ለቅቃ ከአንድ የገበሬ ቤት አጠገብ ተጨፈለቀች። መሪው እግሩን ቀርቅሮ ይዞታል፤ የሚፈሰው ነዳጅ ገላውን አርሶታል፤ አንዲት ፍንጣሪ ብትገኝ አለቀለት ማለት ነው። የሚያወጣው ባለሙያ አልነበረም፤ ሐኪምም አልነበረም። እንደዚያ ሆኖ ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ቆየ። ያወጡት ራሳቸው ከመንገድ የወጡት ሁለት ተወዳዳሪዎች፣ ግሬም ሂልና አሜሪካዊው ቦብ ቦንዱራንት ሲሆኑ፣ መሪውን የፈቱት ከአንድ ተመልካች በተዋሱት ኪያቬ ነው። በኋላ የጫነው አምቡላንስ ወደ ሊዬዥ ሲሄድ መንገድ ጠፋው። ልብ በሉ፤ ጨዋታ አዋቂ የሚባለው ሂል እዚያ ነበር። ያን ቀን ታሪክ የመዘገበለት ግን ቀልዱን ሳይሆን ኪያቬ ፍለጋውን ነው። የጓደኛውን ሕይወት ያተረፈው ለዛው ነበር ወይስ እጁ ላይ የነበረው ብረት?

ስቱዋርት ከዚያ በኋላ ኪያቬ ከመሪው ጋር አስሮ ይወዳደር ጀመር። የደኅንነት ቀበቶ፣ የብረት አጥር፣ ፊትን ሁሉ የሚሸፍን የራስ ቁር፣ በየውድድሩ ብቁ ሐኪምና እሳት አጥፊ ይኑር እያለም ይሟገት ገባ። ሙግቱን በቁም ነገር የመረመረለት ጥቂት ሰው ነበር። ብዙው አፌዘበት፤ ፈርቷል፣ የውድድሩን ወግና ውበት ሊያጠፋብን ነው፣ ወንድነት ጎድሎታል ተባለ። ሦስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ለመሆን የበቃን ሰው ፈሪ ማለት በማስረጃ ሲታይ አያስኬድም፤ በሹፈት መልክ ሲቀርብ ግን ማስረጃ የጠየቀ የለም። የፌዝ ዋና ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው። በቁጣ የተሰነዘረ ክስ መልስ ይጠብቃል። በቀልድ የተሰነዘረ ክስ ግን መልስ የሰጠውን ሰው ቀልድ የማይገባው ደረቅ ብሎ ሁለተኛ ይቀጣዋል። ተከሳሹ ዝም ቢል ተሸነፈ፤ ቢናገር ተሳቀበት። ስቱዋርት ራሱ በኋላ፣ ሰው መስማት የሚፈልገውን እየተናገርኩ ብኖር ኖሮ ምናልባት እሞት ነበር፣ ግን ይበልጥ እወደድ ነበር የሚል ትርጉም ያለው ነገር ተናግሯል። እነሱ ሲያፌዙ 1968 መጣ። ጂም ክላርክ በኤፕሪል ሆክንሃይም ላይ፣ ማይክ ስፔንስ በሜይ ኢንዲያናፖሊስ ላይ፣ ሉዶቪኮ ስካርፊዮቲ በጁን በጀርመን የተራራ ውድድር ላይ፣ ጆ ሽሌሰር በጁላይ ሩዋን ላይ ሞቱ፤ በአራት ወር አራት ሰው። በ1973 ደግሞ ዛንድቮርት ላይ የሮጀር ዊሊያምሰን መኪና ተገልብጣ ስትነድ፣ ሌላው እንግሊዛዊ ተወዳዳሪ ዴቪድ ፐርሊ የራሱን ውድድር ትቶ ብቻውን ሊያቃናት ታገለ። በአካባቢው የቆሙት የውድድሩ ሠራተኞች እሳት የሚቋቋም ልብስ ስላልነበራቸው ሊጠጉ አልቻሉም፤ ዊሊያምሰን እዚያው ሞተ። ስቱዋርት ሰባት ዓመት ሙሉ ሲጠይቅ የኖረው ይኸው ነበር።

ይህ የድሮ ነገር ነው፣ ዛሬ ሰው ሰልጥኗል የሚል ይኖራል። ግማሽ ምዕተ ዓመት ቆይቶ ያው ነገር በሌላ መልክ ተመልሷል። ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን የሹፌሩን ጭንቅላት ከሚበር ጎማና ስብርባሪ የሚከላከል፣ ሃሎ የሚባል የቲታኒየም ቅስት ለማስገባት ሲነሳ፣ ቅርጹ የነጠላ ጫማ ማሰሪያ ይመስላል ተብሎ ነጠላ ጫማ የሚል ስም ወጣለት። ሰባት ኪሎ ያህል የሚመዝን፣ አሥራ ሁለት ቶን ያህል ጫና ሊሸከም የሚችል ብረት ነው፤ ነገር ግን በ2018 ሥራ ላይ እስኪውል ድረስና ከዋለም በኋላ ሲወራለት የነበረው መልኩ ነበር። ኦስትሪያዊው የመርሴዲስ አለቃ ቶቶ ቮልፍ እንኳ መጋዝ ቢሰጠኝ ቆርጬ እጥለዋለሁ እስከ ማለት ደረሰ። እንግሊዛዊው ሉዊስ ሃሚልተን በ2016 መጀመሪያ ላይ ሥዕሉን ሲያይ በፎርሙላ ዋን ታሪክ ከዚህ የከፋ አስቀያሚ ለውጥ አላየሁም ብሎ ነበር። በዚያው ዓመት ግን ሹፌሮቹ ተሰብስበው ጥናቱ ሲቀርብላቸው፣ በሕይወት የመትረፍን ዕድል በ17 በመቶ ከፍ ያደርጋል የሚል ቁጥር ሰማ፤ ይህን ቁጥር ችላ ማለት አይቻልም ብሎም ሐሳቡን ለወጠ። አንድ ሰው በአደባባይ የተናገረውን በቁጥር ፊት ሲያነሳ ማየት ከማንኛውም ቀልድ ይልቅ ሊከበር የሚገባው ነው። ሴፕቴምበር 12 ቀን 2021 ሞንዛ ላይ የማክስ ቬርስታፐን መኪና በሃሚልተን መኪና ላይ ወጥታ የኋላ ጎማዋ ከጭንቅላቱ በላይ ሲያርፍ፣ ክብደቷን የተሸከመው ያ ቅስት ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሮማን ግሮዣን ባሕሬን ላይ በሰዓት 192 ኪሎ ሜትር ከብረት አጥር ጋር ተላትሞ፣ መኪናው ለሁለት ተቆርጦ፣ አጥሩን ሰንጥቆ ሲገባ የጭንቅላቱን መንገድ የከፈተለት ይኸው ቅስት ነው። 27 ሰከንድ እሳት ውስጥ ቆይቶ በራሱ እግር ወጣ። እሱም ቀድሞ ከተቃዋሚዎቹ አንዱ ነበር። በ2022 ሲልቨርስቶን ላይ ዡ ጓንዩ መኪናው ተገልብጣ በአስፋልቱ ላይ ስትንሸራተት በሕይወት የወጣውም በዚሁ ነው።

ታዲያ ሳቁ የማንንም እጅ አልያዘም፣ ብረቱ በመጨረሻ ገብቷል አይደል? አዎ፣ ገብቷል፤ የገባው ግን የሳቁን ሰዎች በመስማት ሳይሆን እነሱን ባለመስማት ነው። የፌዴሬሽኑ ሰዎች ለሕዝብ አስተያየት ቢያጎነብሱ ኖሮ ከላይ ከጠራኋቸው ስሞች መካከል ስንቱን ዛሬ ነፍስ ይማር እንል ነበር? ይህ ጥያቄ ለብሪታኒያ ስፖርት ባዕድ አይደለም። በ2009 ብራንድስ ሃች ላይ ከሌላ መኪና የተነቀለ ጎማ የአሥራ ስምንት ዓመቱን ሄንሪ ሰርቲስን፣ የሻምፒዮኑን የጆን ሰርቲስን ልጅ፣ ጭንቅላቱን መትቶ ገድሎታል። በ2015 ደግሞ ጀስቲን ዊልሰን በአሜሪካው የኢንዲካር ውድድር ላይ ስብርባሪ መትቶት ሞቷል። ሁለቱም የብሪታኒያ ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም የሞቱት ጭንቅላታቸው ያለ ከለላ በነበረበት መኪና ውስጥ ነው። እነዚህን ሁለት መቃብሮች የሚያውቅ ሰው ስለ ነጠላ ጫማ ሊቀልድ የሚችለው መቃብሮቹን ለጊዜው ከረሳ ብቻ ነው። ፌዝ ደግሞ በባሕርይው የሚያስረሳው ይህን ነው፤ የሚታየውን መልክ ያጎላል፣ ያልታየውን ሞት ይደብቃል።

ሳቅ ርካሽ ጋሻ ነው ወደሚለው ልለፍ፤ ሲ5 ምርጥ ምስክራቸው ናትና። ጃንዋሪ 10 ቀን 1985 ለንደን ውስጥ፣ በብርድና በበረዶ መካከል፣ በ399 ፓውንድ ዋጋ ቀረበች። አገሩ ሁሉ የተቀባበለው ቀልድ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሞተር ተገጥሞላታል የሚል ነበር። ሐሰት ነው። ተሽከርካሪዋ የተገጣጠመችው ዌልስ ውስጥ፣ ሜርተር ቲድፊል፣ የልብስ ማጠቢያ በሚመረትበት የሁቨር ፋብሪካ ስለሆነ ወሬው ከዚያ ተነሣ፤ ሞተሯ ግን ከጣሊያን የመጣ፣ ከልብስ ማጠቢያ ጋር የማይገናኝ ነበር። የሲ5 እውነተኛ ችግሮች ሌሎች ናቸው። ቁመቷ ዝቅተኛ በመሆኑ የጭነት መኪና ሹፌር ሊያያት ይቸገራል፤ ባትሪዋ በብርድ ይዳከማል፤ ዳገት ላይ ፔዳል መምታት ግድ ይላል፤ ዝናብ ላይ ክፍት ናት። እነዚህን ያወጡት የፈተሿት ሰዎችና የደኅንነት ባለሙያዎች በደረቅ ቋንቋ ነው። ሕዝቡ በሳቀው ነገር ቢፈረድባት ኖሮ ፍርዱ በሐሰት ምስክር የተሰጠ ይሆን ነበር። ትክክለኛ መድረሻ ላይ በተሳሳተ መንገድ መድረስ ጥበብ ነው ማለት እንችላለን? እንዲያውም ጉዳቱ ወደ ፊት የተረፈ ነው፤ ሰው ከዚያ ጉዳይ የያዘው ትምህርት በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነገር ያስቃል የሚል ሆነና፣ መኪና ዝቅ ብሎ ሲሠራ አይታይም የሚለው ጠቃሚ ትምህርት ጠፋ።

ያ የተሳሳተ ትምህርት ዓመታት ዘልቋል። ብሪታኒያ ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪናን ለማጣጣል የሚወረወረው ቃል ወተት ማደያ መኪና የሚል ነው፤ በየማለዳው ወተት በየቤቱ ደጃፍ ስታደርስ የኖረችውን፣ በባትሪ የምትሄደውን ቀርፋፋ መኪና ማለታቸው ነው። እስቲ ይህ ስድብ ምን እንደሚሰድብ አስቡት። እነዚያ መኪኖች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ሳይጮኹ፣ ሳያጨሱ፣ በየጥቂት ሜትሩ ቆመው እየተነሡ፣ ማታ ባትሪያቸው እየተሞላ፣ አሥርት ዓመታት አገለገሉ። ሌላው ዓለም የኤሌክትሪክ መኪና ይቻላል ወይ ብሎ ሲጠይቅ፣ መልሱ በእንግሊዝ ሰፈር ውስጥ ጠርሙስ እያንኳኳ ያልፍ ነበር። ዛሬ የዓለምን መኪኖች የሚያንቀሳቅሰው የሊቲየም ባትሪ አንዱ ቁልፍ ግኝትም የተገኘው በ1980 ኦክስፎርድ ላይ፣ በጆን ጉድኢናፍ ቤተ ሙከራ ነው፤ በ1991 ለገበያ ያበቃው ግን የጃፓኑ ሶኒ ሆነ። ለዚህ ማምለጥ ምክንያቱ ቀልድ ነው አልልም፤ ብዙ ምክንያት አለው። የራሱን ሥራ በስድብ ቃልነት የሚጠቀም ሕዝብ ግን ሥራው ሲያመልጠው ቶሎ አይነቃም። በ2008 መጨረሻ ቶፕ ጊር የተባለው የቢቢሲ ዝግጅት ቴስላ ሮድስተርን ሲፈትሽ መኪናዋ በሰው ተገፍታ ስትገባ አሳየ፤ አዘጋጆቹ በኋላ እንዳመኑት ባትሪዋ ጨርሶ አላለቀም ነበር፣ ትዕይንቱም ቢያልቅ ምን እንደሚሆን ለማሳየት የተሠራ ነው። ቴስላ በ2011 ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱ በ2013 በይግባኝም ሳይቀር ክሱን አልተቀበለም። በሕግ ዓይን ዝግጅቱ ነጻ ነው፤ ይህን አከብራለሁ። ነገር ግን ለሚሊዮኖች ከዚያ ዝግጅት በአእምሯቸው የቀረው ምንድን ነው? የምትገፋው መኪና ናት። በ2014 ቤጂንግ ላይ የተጀመረው የፎርሙላ ኢ የኤሌክትሪክ ውድድርም ሹፌሮቹ በውድድሩ መካከል መኪና መለወጣቸው ብዙ አሳቀ፤ አራት የውድድር ዘመን አልፎ በአምስተኛው አንዷ መኪና ከመነሻ እስከ መጨረሻ መድረስ ቻለች። በእነዚያ ዓመታት የተሳቀበትን ባትሪ የሠራው እንግሊዝ ውስጥ ያለው የዊሊያምስ ምሕንድስና ክፍል ነው፤ ተከታዩን ትውልድ ያቀረበውም ማክላረን ነው። ሳቁም ሥራውም ከአንድ አገር ወጡ፤ ወደ ፊት ያራመደው የትኛው እንደሆነ ለማየት ብዙ ምርምር አያሻም። እኛም አገር መንግሥት በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ክርክሩ ደጃችን ደርሷል። መብራት ሲጠፋ ቻርጅ ከየት ይገኛል? መለዋወጫው ማን ጋ አለ? ባትሪው ስንት ዓመት ይቆያል? እነዚህ መልስ የሚገባቸው ከባድ ጥያቄዎች ናቸው፤ ለዚህም ነው በተረብ እንዲሸኙ የማልፈልገው።

ወደ ዜናው ስመጣ ነገሩ ይከብዳል። ከ1999 ጀምሮ የብሪታኒያ ፖስታ ቤት ሆራይዘን የተባለ፣ ፉጂትሱ የሚያስተዳድረው የሒሳብ ሥርዓት በየቅርንጫፉ ዘረጋ። ሥርዓቱ ስሕተት ነበረበት፤ ያልጎደለ ገንዘብ ጎደለ ይላል። በየሰፈሩና በየገጠሩ ፖስታ ቤት የሚያስተዳድሩ ሰዎች፣ ጎረቤት የሚያምናቸው፣ የጡረተኛውን ገንዘብ የሚከፍሉ ሰዎች፣ ሌባ ተባሉ። ከ900 በላይ የሚሆኑት ተፈረደባቸው። ቤታቸውን ሸጠው ያልወሰዱትን ገንዘብ የከፈሉ አሉ፤ ነፍሰ ጡር ሆና የታሰረች አለች፤ ራሳቸውን ያጠፉ አሉ። በዚያው በ1999 ደግሞ፣ የኮምፒውተር ማስረጃ የሚያቀርብ ወገን ማሽኑ በትክክል ይሠራ እንደነበር ቀድሞ እንዲያሳይ የሚያስገድደው ድንጋጌ ተሻረ፤ ከዚያ ወዲህ ፍርድ ቤቱ ማሽኑ ልክ ነው ብሎ ይነሣል፣ ስሕተት አለው የሚለው ድሃ ተከሳሽ ያስረዳ ተባለ። በ2004 በቢቢሲ ላይ አገሩን ሁሉ ያሳቀው አንድ ገጸ ባሕርይ ምን ያደርግ ነበር? ደንበኛ ፊት ተቀምጦ ቁልፍ እየነካ፣ በደነዘዘ ድምፅ ማሽኑ እምቢ ብሏል ብሎ ይመልሳል። ሕዝቡ ነገሩን በትክክል አይቶታል ማለት ነው፤ ማሽን ሰው ላይ እንደሠለጠነ፣ ከማሽኑ ጀርባ የተቀመጠው ሰው ኃላፊነቱን እንደጣለ አውቆታል። አውቆ ምን አደረገ? ሳቀ፣ አባባሉን እየደጋገመ ሄደ። በዚያው ዓመትና ከዚያም በኋላ በፍርድ ቤት ውስጥ ያው ነገር ያለ ሳቅ ይፈጸም ነበር። ጥርስ ባዳ ነው እንላለን፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ይህ አባባል አጥንት ድረስ ይዘልቃል። አስተውሎ መሳቅ አለማስተዋልን ያህል ሊጎዳ ይችላል፤ የሳቀ ሰው ድርሻውን የተወጣ ይመስለዋልና።

እነዚያን ሰዎች ነጻ ያወጣው ምን እንደሆነ ይታወቃል። ዌልስ ውስጥ የነበረውን ፖስታ ቤቱን የተነጠቀው አላን ቤትስ ሃያ ዓመት ያህል ወረቀት ሰበሰበ፤ ኮምፒውተር ዊክሊ የተባለው የሙያ መጽሔት በ2009 የተጎጂዎችን ቃል አተመ፤ 555 ከሳሾች በአንድነት ቆመው በ2019 በፍርድ ቤት ረቱ፤ በጃንዋሪ 2024 አይቲቪ የቤትስን ትግል በአራት ክፍል ድራማ ሲያሳይ ሕዝቡ ተቆጣ፤ በዚያው ዓመት ሜይ ላይ ፓርላማው ፍርዶቹን በሕግ ሰረዘ። ድራማው አስቂኝ አልነበረም። ተመልካቹን ያስለቀሰና ያስቆጣ ነበር፤ ቁጣውም ፓርላማ ድረስ ደረሰ። ሚዛኑን የሳተ ተብሎ የሚናቀው ያ ቁጣ፣ የአሥርት ዓመታት ሽሙጥ ያላንቀሳቀሰውን በጥቂት ሳምንታት አንቀሳቀሰ። እዚህ ላይ ተከራካሪዎቼ ፕራይቬት አይን ያነሡብኛል፤ መጽሔቱ ከ2011 ጀምሮ ስለ ሆራይዘን ጽፏልና። ልክ ነው፣ ምስጋናም ይገባዋል። ግን የመጽሔቱን ገጾች ለይታችሁ ተመልከቱ። በዚያ መጽሔት ውስጥ ቀልድ የሚታተምበት ገጽ አለ፣ ምርመራ የሚታተምበትም ገጽ አለ። ሆራይዘንን የያዙት ሰነድ ያነበቡ፣ ተጎጂ ያነጋገሩ፣ ቀን የቆጠሩ ዘጋቢዎች ናቸው። የእኛ ቅኔ ሰምና ወርቅ ያለው ለዚህ ነው፤ ሰሙ ቢያስቅም ቢያስደንቅም ወርቅ ከሌለው ተቀኘ አይባልም። የእንግሊዝን ሽሙጥ ለሚያደንቁ የማቀርበው ጥያቄም ይኸው ነው፤ ሰሙን ስታቀልጡት ሥሩ ምን ታገኛላችሁ? የልብስ ማጠቢያ ሞተሩን ቀልድ ብናቀልጠው ሐሰት ነው ያገኘነው። የነጠላ ጫማውን ብናቀልጠው ባዶ ነው። ፒተር ኩክ በ1961 ሶሆ ውስጥ የፖለቲካ ቀልድ ቤት ሲከፍት፣ ሂትለርን ለማስቆም ብዙ ስለደከሙት የበርሊን ቀልድ ቤቶች ማንሣቱ ይነገርለታል። የቀልዱ ባለቤት ራሱ ያወቀውን አድናቂዎቹ ለምን አላወቁትም?

በራሱ የሚስቅ ሕዝብ ትሑት ነው ስለሚለው ብዙ አልልም። ትሕትና ስሕተትን አይቶ ማረም ነው፤ በስሕተት ስቆ ማለፍ ግን ስሕተቱን ከጥያቄ ማስጣል ነው። ፖስታ ቤቱ ስሕተቱን አላመነም፣ አገሩ ግን ለሃያ ዓመት በራሱ መሳቅ የሚችል አገር ነበር። ዛሬ ከፎርሙላ ዋን ቡድኖች አብዛኞቹ መሠረታቸው እንግሊዝ ነው፤ መርሴዲስ ብራክሌይ፣ ሬድ ቡል ሚልተን ኪንስ፣ ማክላረን ዎኪንግ፣ ዊሊያምስ ግሮቭ፣ አስተን ማርቲን ሲልቨርስቶን። ይህን የገነቡት እንደ ኮሊን ቻፕማን፣ እንደ ኪት ዳክወርዝ ያሉ መሐንዲሶች ናቸው። የዳክወርዝ ኮስዎርዝ ዲኤፍቪ ሞተር በ1967 ዛንድቮርት ላይ በመጀመሪያ ውድድሩ አሸንፎ፣ በጠቅላላው 155 የፎርሙላ ዋን ድሎች አስመዝግቧል። ይህ የተገኘው ነገሩን ከልብ በመውደድና በመለካት ነው። ጎበዝ መሐንዲስ ቀልድ አያውቅም አላልኩም፤ ሥራው ላይ ሲቀመጥ ግን ቀልዱን ከመለኪያው አያምታታም።

እንግዲህ ሳቅ ይከልከል የሚል የለም፤ እኔም አልልም። የምቃወመው ዋዛ የቁም ነገርን ወንበር ይዞ ሲቀመጥ ነው፤ ያሾፈ ሰው የመረመረ ሰው ተብሎ ሲከበር፣ የመረመረው ደግሞ ደረቅ ተብሎ ሲገፋ ነው። ይህ ክብር የተሰጠው በስሕተት ነው፤ ሊነሣ ይገባል። በማሽን ወይም በዜና ላይ የሚሾፍ ሰው ሲያጋጥመን እንደ ማንኛውም ተከራካሪ ማስረጃህን አምጣ ልንለው ይገባል፤ ቀልድ እኮ ነው የሚል መልስ ከሰጠን ከክርክሩ ወጥቷል ማለት ነው፣ ስለዚህ ፍርድ ላይ ድምፅ አይኑረው። ልዩነቱ በቅርቡም ታይቷል። ከ2026 ጀምሮ የፎርሙላ ዋን መኪና ኃይሉን ግማሽ ያህል ከኤሌክትሪክ እንዲያገኝ የሚያዝ ደንብ ሲወጣ ማክስ ቬርስታፐን ተቃወመ። በ2023 የተናገረው ግን ሽሙጥ አልነበረም፤ በሲሙሌተር የተገኘውን መረጃ ይዞ፣ እንደ ሞንዛ ባለ ቀጥታ መንገድ ላይ ሹፌሩ ኃይል ለመቆጠብ ሲል መንገዱ ሳያልቅ ማርሽ መቀነስ ሊኖርበት ነው አለ። ቦታው ተጠርቷል፣ ችግሩ ተለይቷል፣ ትክክል መሆን አለመሆኑም ይለካል። ደንብ አውጪዎቹ ይህን ሰምተው የባትሪውን አሠራር፣ የክንፉን ቅርጽ፣ የኃይሉን ክፍፍል እንደገና ማስላት ይችላሉ። ወተት ማደያ መኪና ነው ለሚላቸው ሰው ግን ሊያጠብቁለትም ሆነ ሊያላሉለት የሚችሉት አንድ ብሎን እንኳ የለም።